የኦቦ ለታ ቀኝ ዓይን

ይህን የምጽፍላችሁ ጀግና ሆኜ ስለወጣሁበት አይደለም። እንዲያውም ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። ግን በየዓመቱ አዲስ ተማሪዎች ፊት ስቆም አንዱ ይነሳና «መምህር፣ ስሌቱ ትክክል ከሆነ ሌላ ምን ያስጨንቃል?» ይለኛል፤ ያቺ እሑድ ትመጣብኛለች። ዛሬ ቁጭ ብዬ እንደሆነው ልንገራችሁ፣ ፍርዱን እናንተ ስጡ።

ጊዜው 2012 ዓመተ ምሕረት ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አምቦ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ ሒሳብ አስተምራለሁ። ያኔ የነበረኝ ኩራት አይጣል ነው! ሰው ሲሳሳት ካየሁ ሳላርም አላልፍም። የሠርግ ድንኳን ሲተከል እንኳ «ገመዱ በዚህ ማዕዘን አይሆንም» እያልኩ ሰው አሰለች ነበር። እናቴ «ደረጀ፣ አንዳንዴ እንኳ ዝም በል» ትለኛለች፤ የሚሰማት ግን የለም።

ኦቦ ለታ የሚባሉ ወዳጅ ነበሩኝ። ወዳጅ ልበል እንጂ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። አምቦ ውስጥ መነጽር ቤት አላቸው፤ ቤታቸው ጉደር ስለሆነ በሞተር ሳይክል ይመላለሳሉ። ግራ ዓይናቸው አያይም፤ በወጣትነታቸው ድንጋይ ሲፈልጡ ፍንጣሪ ገብቶባት ጠፍታለች። የቀረችው ቀኟ ብቻ ናት። በዚያች በአንዷ ዓይን ሌንስ ይሞርዳሉ፣ ፍሬም ያቃናሉ፣ የሰው ዓይን ይለካሉ። «እኔ አንድ ይበቃኛል፣ እናንተ በሁለት ምን አያችሁ?» ብለው ይቀልዱብናል።

እንግዲህ እኔና እሳቸው ቴሌስኮፕ እንሥራ ተባባልን። ነገሩ ቀላል ነው፤ ከቱቦው ግርጌ ጎድጓዳ መስታወት ይቀመጣል፣ ከሰማይ የመጣውን ብርሃን ሰብስቦ ወደ ላይ ይመልሳል፣ ትንሽ ጠፍጣፋ መስታወት ደግሞ ወደ ጎን አጥፋ ዓይን ወደሚጠጋበት ሌንስ ትልከዋለች። ቱቦው ተራ የውሃ ቱቦ ነው። ወፍራሙን ክብ መስታወት ኦቦ ለታ ከአዲስ አበባ አስመጡ።

«ስንት ይጎድጉድ?» አሉኝ።

ወረቀት አውጥቼ ሠራሁላቸው። የመስታወቱ ስፋት አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ነው። ብርሃኑ አንድ ሜትር ከሃያ ላይ እንዲሰበሰብ እንፈልጋለን። የስፋቱን ግማሽ በራሱ አባዝተን፣ ለትኩረት ርቀቱ አራት እጥፍ ስናካፍለው፣ መሐሉ ከጠርዙ የሚጎደጉደው አንድ ሚሊ ሜትር ከትንሽ ነው።

«ለዚህች ነው ይሄ ሁሉ ወረቀት?» ብለው ሳቁብኝ።

ለዚያች አንድ ሚሊ ሜትር ስምንት ወር ፈጀብን። መስታወትን በመስታወት ላይ፣ በመሐል አሸዋና ውሃ እያደረጉ መፈተግ ነው ሥራው። በትክክል ከተባለ ጉድጓዱ ፓራቦላ መሆን አለበት፣ የኳስ ቁራጭ ብቻ አይበቃም። እኔ ግን ልዩነቱን አሰላሁትና ለዚህ ስፋትና ለዚህ ርቀት ከብርሃን ሞገድ ሩብ ገደማ እንደማያልፍ አሳየኋቸው። «ይተዉት፣ እንዲሁ ክብ ይሁን» አልኳቸው። የወራት ድካም ቀረላቸው። ከዚያ በኋላ የምለውን ሁሉ እንደ ወንጌል ያምኑኝ ጀመር፤ ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

የተሞረደውን መስታወት በብር የቀቡልን አዴ ጫልቱ ናቸው። በኮሌጃችን ቤተ ሙከራ ከሃያ ዓመት በላይ የሠሩ፣ ጡረታቸው የደረሰ ቴክኒሽያን። ንግግራቸው ጥቂት፣ እጃቸው ጥንቁቅ ነው። ዲግሪ የላቸውም፤ እኔ ደግሞ ያኔ ዲግሪ የሌለውን ሰው ጆሮ ሰጥቼ አላዳምጥም ነበር።

በሰኔ ወር አንድ እሑድ ጠዋት ጨረቃ ፀሐይን ልትሸፍን ነው ተባለ። በኮሮና ምክንያት ትምህርት ተዘግቷል፣ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሰልችቶታል። «መስታወታችንን በዚህ እናስመርቀው!» አሉ ኦቦ ለታ። ፀሐይን በቴሌስኮፕ በባዶው ማየት ዓይን ማጥፋት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ ጥቁር መስታወት ያስፈልጋል። ያገኘነው በያጆች ፊታቸው ላይ የሚያደርጉትን ነው። እሱ ደግሞ መዳፍ አይሞላም፣ የቱቦውን አፍ አይሸፍንም።

«ግድ የለም፣» አሉ ኦቦ ለታ። «ቆርጬ ክብ አደርገውና እዚህ፣ ዓይን የሚጠጋበት ጫፍ ላይ እገጥመዋለሁ። ጥቁር መነጽርስ የሚደረገው ዓይን ላይ አይደል?»

መነጽር ሠሪ ናቸው፤ ለእሳቸው መስታወት ቦታው ዓይን አጠገብ ነው። ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አሰብኩም! የቱቦው አፍ የዓይን ብሌንን ስፋት ሠላሳ እጥፍ ነው፤ ሠላሳ በሠላሳ ዘጠኝ መቶ፤ ስለዚህ ቴሌስኮፑ ዘጠኝ መቶ እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል። አንድ የብየዳ መስታወት ለፀሐይዋ፣ ሁለተኛው ለዘጠኝ መቶው፤ ሁለቱን ብንደርባቸው የሚተርፈው ብርሃን ለዓይን አይከብድም። ስሌቱ ልቅም ያለ ነበር።

የምንመካከረው በኮሌጁ ቤተ ሙከራ ነበርና አዴ ጫልቱ ከዕቃ ማጠቢያው ዘወር ብለው «መምህር፣ እዚያ ጫፍ ላይ ብርሃኑ ተሰብስቦ አይደል የሚደርሰው? መስታወቱ አይሞቅም?» አሉኝ።

«አዴ ጫልቱ፣ ማባዛት ነው። ፊት ቢደረግ ኋላ ቢደረግ ያው ነው። ሦስት ጊዜ አራትም፣ አራት ጊዜ ሦስትም አሥራ ሁለት ነው።»

«እኔ ስለ ማባዛቱ አልጠየቅኩም።»

«ታዲያ ይሄ ሦስተኛ ክፍል የሚያውቀው ነገር ነው፣ ሌላ ምን ይጠየቃል?» ብዬ ሳቅሁ። ኦቦ ለታም አብረውኝ ሳቁ። አዴ ጫልቱ ጠርሙሳቸውን ወደ ማጠብ ተመለሱ። ያን ሳቄን እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ያመኛል።

ሥራው ያለቀው ዓርብ ነው። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ዘነበ፤ በፀሐይ ሳንሞክረው እሑድ ደረሰ።

ጉደር፣ ከኦቦ ለታ ቤት ጓሮ ያለው ሣር ላይ አሥራ አምስት የምንሆን ሰዎች ማስክ አድርገን ተሰበሰብን። ጎረቤቶች ናቸው፤ ከእነሱ ጋር የኦቦ ለታ ባለቤት አዴ ብርቄ፣ እኔና አዴ ጫልቱ አለን። ጨረቃ ከአንድ ሰዓት በፊት ፀሐይዋ ፊት መግባት ጀምራለች፣ ሰማዩ ግን ድፍን ደመና ነው። ሰው «እህ፣ ዛሬም ቀረብን» እያለ ሊበተን ሲል፣ ሁለት ሰዓት አካባቢ ደመናው ተከፈለ።

«እኔ ነኝ የምቀድመው! የእጄ ሥራ ነው!» ብለው ኦቦ ለታ ቀኝ ዓይናቸውን ገጠሙ። ከዚያ «ያ ዋቀዮ! አምላኬ! ማጭድ ሆናለች!» ብለው ጮኹ። አዴ ብርቄ እልል አለች። ሰው ተሰለፈ። እኔ አጠገቡ ቆሜ እንደ ሙሽራ ታጅቤ፣ ለእያንዳንዱ «አይፍሩ፣ ተሰልቷል» እላለሁ። ሰው አየ፣ ምንም አልሆነም። አዴ ጫልቱን «አዩት?» አልኳቸው፤ «አየሁ መምህር» አሉኝ።

አሁን ልብ በሉ። ያን ሰዓት ከፀሐይዋ የቀረው አንድ አሥረኛ ብትሆን ነው። መስታወቱ የተሸከመው የሙቀቱን አሥረኛ ብቻ ነበር። ደመናው ሙሉዋን ፀሐይ አንድም ጊዜ አላሳየንም። ጨረቃ ከፀሐይዋ ፊት ስትወጣ ግን ማጭዷ ትወፍራለች፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሁለት እጥፍ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አራትና አምስት እጥፍ ትሆናለች። ይህን ለማስላት ወረቀት እንኳ አያስፈልግም። እኔ ግን ምስጋና እየተቀበልኩ ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው። ሙጫ ሲቃጠል ዓይነት። አንዲት ሴትዮ «ምንድን ነው የሚሸተው?» አለች። «ጎረቤት ቆሻሻ አቃጥለው ይሆናል» አልኩ። እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ!

አዴ ጫልቱ መጥተው ጣታቸውን በዓይን ሌንሱ ቀለበት ላይ አሳረፉና ወዲያው ሰበሰቡት። «መምህር፣ ይፋጃል።»

«አይንኩት፣ ከትኩረቱ ይወጣል።»

«ይፋጃል እኮ ነው የምልህ!»

ያኔ ገባኝ። ማባዛቱ ልክ ነው፣ ለዓይን የሚደርሰው ብርሃን ልክ ነው፤ ነገር ግን ያ ሁሉ የቀረው ብርሃን የት ሄደ? የትም አልሄደም፣ መስታወቱ ውስጥ ነው ያለው። ከቱቦው አፍ ላይ ቢሆን ሙቀቱ በሰፊው ተዘርግቶ ይመጣ ነበር። እኛ ግን ተሰብስቦ አንድ ጥፍር ከሚያህል ቦታ ላይ አስቀመጥነው። ቁጥሩ ቦታ አይመርጥም፣ መስታወቱ ግን ይመርጣል። ይህን ለማሰብ የፈጀብኝ ሁለት ሦስት ሴኮንድ ቢሆን ነው፤ ቀና ስል ኦቦ ለታ «ለመጨረሻ አንዴ ልያት» ብለው እያጎነበሱ ነው።

«ኦቦ ለታ፣ ቆይ!» አልኩ።

«አንዴ ብቻ!» አሉኝና ዓይናቸውን ገጠሙ።

ጧ! አለ። ትንሽ ድምፅ ናት፣ ብርጭቆ ላይ ፍል ውሃ ሲፈስ የሚሰማው ዓይነት። ኦቦ ለታ ወደ ኋላ ተወርውረው ሣሩ ላይ ወደቁ። ሁለት እጃቸው ፊታቸው ላይ ነው። «ኢጃ ኮ! ኢጃ ኮ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ ዓይኔን፣ ዓይኔን ማለታቸው ነው። አዴ ብርቄ «ማል ታቴ? ምን ሆንክ?» እያለች ላያቸው ላይ ወደቀች። ሁለቱም የብየዳ መስታወቶች ከመሐላቸው ተሰንጥቀዋል። አዴ ጫልቱ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው የቱቦውን አፍ ደፈኑ፤ ከኛ መሐል ምን ማድረግ እንዳለበት ያወቀ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ባጃጅ አስቁሜ ኦቦ ለታን ይዤ ወደ አምቦ በረርን። መንገዱን ሙሉ እጄን ይዘው «አረንጓዴ ነው፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው» ይላሉ። እኔን ያለቻቸው አንዲት ዓይን መሆኗ ብቻ ነው የሚታሰበኝ።

ሐኪም ቤት የደረስነው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እሑድ ስለሆነ ተረኛ የነበረችው አንዲት የዓይን ነርስ ናት። በመብራት መረመረቻቸው፣ ፍንጣሪ እንደሌለ አረጋገጠች። ከዚያ «ማነው ይሄን መስታወት ደህና ነው ያላችሁ?» ብላ ጠየቀች።

አፌን ልከፍት ስል ኦቦ ለታ ቀደሙኝ። «እኔው ነኝ። መነጽር ሠሪ ነኝ አይደል፣ አውቃለሁ ብዬ ነው።»

ዝም አልኩ። አዎ፣ ዝም አልኩ።

ነርሷ ፊደል የተጻፈበት ሰሌዳ ፊት አስቀመጠቻቸው። «ከላይ ጀምረው ያንብቡልኝ አባቴ።» ኦቦ ለታ ከትልቁ ፊደል ጀምረው እስከ ታችኛው ደቃቃ መስመር አንድም ሳይስቱ አነበቡት። ነርሷ ፊቷ በራ። «ተመስገን! እድለኛ ነዎት» ብላ «እይታው ደህና ነው» የሚል ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። እኔማ ልሳማት ምንም አልቀረኝም።

በሩ ጋ ደርሰን «ኦቦ ለታ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈዎ!» ብዬ አቀፍኳቸው።

እሳቸው አላቀፉኝም። «አንድም ፊደል አላየሁም» አሉኝ ቀስ ብለው።

«እንዴት?»

«ይሄው ሰሌዳ እኔ ሱቅ ግድግዳ ላይ ስንት ዓመቱ ነው? በቃሌ ነው ያልኩት። ወደ ሰሌዳው ሳይ መሐሉ ጥቁር ነው። አሁን አንተንም ሳይህ ጆሮህ አለ፣ ፀጉርህ አለ፣ ፊትህ የለም።»

«ታዲያ ለምን?» አልኩ።

«ስማ ደረጀ። ነገ አምቦ ሙሉ ‹የመነጽር ቤቱ ለታ ዓይኑ ጠፋ› ቢባል ማን ዓይኑን ሊያስለካ ይመጣል? አንተንም ኮሌጁ ይጠይቅሃል። ደህና ነው የሚል ወረቀት ይዘሃል፣ ያዛት። እስከ ሰኞ ይለቀኝ ይሆናል። ለብርቄ አትንገራት፣ ለነፍስህ ብለህ!»

ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ልቤ ደስ አለው። ወረቀቷ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ከተጠያቂነት የምታድነኝ ወረቀት ናት፣ ያውም የተጎዳው ሰው ራሱ ውሰዳት እያለኝ። ባጃጅ መጣ፣ አለፈ። ሌላም መጣ። ኦቦ ለታ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ቆመዋል፤ ትከሻዬን የያዙት መንገዱ ስላልታያቸው ነው። ይኼኔ ነው ሌላው ሐሳብ የመጣብኝ፤ ጉደር ጓሮ ያሉት ሰዎችስ? ሽታው ከጀመረ በኋላ ያዩት? እነሱንም «ተሰልቷል» ብዬ ያስጠጋኋቸው እኔ ነኝ።

«እንመለስ» አልኩ።

«አትመለስም!» ክንዴን ጨመቁኝ። «ብትናገር ጨረስከኝ!»

«ኦቦ ለታ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

እየጎተቱኝ፣ እየጎተትኳቸው ገባን። ነርሷ ጓንቷን እያወለቀች ነበር። ቃል አልመረጥኩም፤ «ሲስተር፣ ሰሌዳውን በቃላቸው ነው ያነበቡት፣ ምንም አያዩም። መስታወቱን ደህና ነው ያልኩትም እኔ ነኝ። ስሌቱ የኔ ነው። አንዲት ሴት ይሞቃል ብለው ነግረውኝ ነበር፣ ስቄባቸዋለሁ» አልኳት።

ነርሷ ትኩር ብላ አየችኝ። አልጮኸችብኝም። «ስንት ሰው አየበት?» አለች።

«አሥራ አምስት።»

«ደውል። አሁኑኑ ሁሉም ይምጡ።»

ኦቦ ለታን አስቀምጣ ሁለት ጣት ዘረጋችላቸው። «ስንት ነው?»

እንባቸው ማስካቸው ውስጥ ገባ። «እጅሽን አያለሁ ልጄ፣ ጣትሽን አላይም» አሉ።

በማግሥቱ በተጻፈልን ወረቀት አዲስ አበባ ሄድን። ሐኪሙ የዓይናቸው መሐል፣ ፊደልና ፊት የሚለይበት ቦታ፣ ተቃጥሏል አለ። የሚሰጥ መድኃኒት የለም፣ በራሱ የሚመለሰውን ያህል እስኪመለስ መጠበቅ ነው፣ ሞተር ሳይክል አይነዱም አለ። ከጉደር የመጡት ሰዎች ሁሉ ተመረመሩ፤ ሌላ የተጎዳ አልተገኘም። ለአዴ ብርቄ የነገርኳት እኔ ነኝ፣ ቤቷ ሄጄ፣ ቆሜ። ሰምታ ስትጨርስ «እሱ እኮ ካንተ በላይ የሚያምነው ሰው አልነበረውም» አለችኝ። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

አዴ ጫልቱ ጋም ሄድኩ። «በድዬዎታለሁ» አልኳቸው። «እኔን ምን በደልከኝ? የኔ ዓይን ደህና ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው «ይሄ ነገር አይሞቅም? አይሰበርም? አይወድቅም?» ሲለኝ እርሳሴን አስቀምጬ እሰማለሁ። ተማሪዎቼም መልስ ሲያመጡልኝ «ልክ ነው» ከማለቴ በፊት «ይሄ ቁጥር የት ነው የሚቀመጠው? ማን ነው የሚሸከመው?» እላቸዋለሁ። አንዳንዶቹ የሒሳብ መምህር ነዎት ወይስ አናጺ እያሉ ያሾፉብኛል፤ ያሹፉ።

እናንተም የምታነቡኝ፣ እንደ ኦቦ ለታ የሚያምናችሁ ሰው ካለ ተጠንቀቁለት። ያመነ ሰው «ቆይ» ሲሉት አይቆምም፤ «አይፍሩ» ያላችሁትን ቀድሞ ሰምቷልና። እውነቱን ተናግሬ ስለተመለስኩ ዓይናቸው አልዳነም፤ ይህንንም እወቁልኝ። ሱቃቸው ውስጥ ዛሬ የሚለካው የወንድማቸው ልጅ ነው፣ እሳቸው ፍሬም ያቃናሉ፣ በእጃቸው ዳሰሳ።

ለሦስት ወር አላነጋገሩኝም። አዲሱ ዓመት ሲገባ ሱቁ በር ላይ ወንበር አወጡልኝና «ና ተቀመጥ፣ አንተ ከሳሼ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እንቀመጣለን። የዓይናቸው መሐል ብዙው ተመልሷል፣ አንድ ነጥብ ግን ቀርቷል፤ ፊት ለፊት ሲያዩኝ ፊቴ ይጠፋባቸዋል። ስለዚህ ሲያጫውቱኝ ፊታቸውን መለስ አድርገው ትከሻዬን አልፈው አስፋልቱን ያያሉ፤ ያኔ ነው በዓይናቸው ጠርዝ ፊቴን ደህና የሚያዩት። መንገደኛው የተኳረፍን ይመስለዋል። አንድ ቀን ተሳስተው ወደኔ ቀጥ ብለው ዞሩና ፊቴ ጠፋባቸው፤ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ አስፋልቱ ተመለሱ።

«አሁን አየሁህ፣» አሉኝ፣ «ከስተሃል።»